ቀጭን ድምፅ የሌለው ሙዚቃ

ሙዚቃ እሠራለሁ ስል ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ምን እንደምዘፍን ነው። አልዘፍንም። ክራርም ሆነ ጊታር አልነካም። ኮምፒውተር ላይ ምት በምት እየደረብኩ ግጥምም ዘፋኝም የሌለው የጭፈራ ሙዚቃ ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ አክስቴን አስቀምጬ በጆሮ ማዳመጫ አሰማኋት። ጨዋ ሴት ናት፤ ታግሳ ሰማችና ዘፋኙ መቼ እንደሚገባ ጠየቀችኝ። ጭራሽ እንደማይገባ ስነግራት አዘነችልኝ።

ፋይሎቹ ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም፤ ቁጥር ብቻ ነው የምሰጣቸው። መታወቅ አላማረኝም ብል ግን ውሸት ነው፤ በደንብ አምሮኛል። ብቻ በዚያ ዘመን ከሁሉ በላይ የምፈልገው የአንድ ሰው ቃል ነበር። እሳቸው ጥሩ ነው ካሉኝ ሌላው ቢቀርም ግድ አልነበረኝም።

ሰውየው ጎረቤቴ ነበሩ። እኔ አዳማ ከመናኸሪያው ጀርባ በአንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ለባጃጅ ሾፌሮችና ወደ ሻሸመኔ ለሚወርዱ የአይሱዙ ሾፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ የተበላሸ ስፒከር ይጠግናሉ። ደራ የምትባለው ከተማ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። የተቀደደ የስፒከር ወረቀት ሲቀይሩ፣ የተቃጠለ ሽቦ ፈትተው እንደገና ሲጠመጥሙ ማየት ደስ ይል ነበር። እጃቸው አይቸኩልም። ሰላምታ ላይ ግን ሰነፍ ነበሩ። ከጀርባቸው "አካም ጂርቱ" ብትላቸው ዞር አይሉም። ሰፈሩ ኩሩ ናቸው ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ኩራት ለባለሙያ ያምርበታል ብዬ ጭራሽ ወደድኩላቸው።

ተጠግኖ ያለቀ ስፒከር ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ቤዙ ከበድ ያለ ሙዚቃ እየተጫወተበት ይፈተናል። ለዚህ የሚሆናቸውን ከእኛ ቤት የምወስድላቸው እኔ ነበርኩ። እኔ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ መንገዱን ጭር ሲያደርገው፣ በሩን ገርበብ አድርጌ የራሴን እሠራ ነበር። አንድ ቀን ደፈርኩና በዘፈን ፋንታ የራሴን ሥራ ሰጠኋቸው። መዳፋቸውን የስፒከሩ ሳጥን ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ ቆሙ። ከዚያ "ባዶ ነው" አሉኝ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በማግስቱ ሌላ ይዤ ሄድኩ፤ እሱም ባዶ ሆነ። ጭብጨባ ጨመርኩበት፣ ጽናጽል የሚመስል ድምፅ ጨመርኩበት፣ ቀጭን ፉጨት አስገባሁበት። አሁንም ባዶ ነው አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ለዘመድ ጥየቃ ደራ ሄድኩና የስንዴ መውቂያ ማሽን ሲያጉረመርም በስልኬ ቀዳሁት። እሱን ከከባድ ምት ጋር ብቻ አጋብቼ፣ ሌላ ምንም ሳልጨምርበት ሰጠኋቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡና "ይሄ ያስኬዳል" አሉ። ደስታዬን የማስቀምጥበት አጥቼ ሱቁን ዘግቼ በእግሬ ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፖስታ ቤት ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የታወቀኝ መሰለኝ። ቀጭን ድምፅ አይወዱም ማለት ነው ብዬ ከየሥራዬ ቀጭን ቀጭኑን አንድ በአንድ ነቀልኩ። የቀረው ከባድ ምት፣ ጉርምርምታና በመሀል ዝምታ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ለራሴም ጎደሎ ይመስለኝ ነበር፤ ውሎ አድሮ ጆሮዬ ለመደው። ባጃጅ ነጂዎቹ በግድግዳው በኩል እየሰሙ ያንን ሆድ የሚያንቀጠቅጠውን ጫንልን እያሉ ይመጡ ጀመር። ከእነሱ የአይሱዙ ሾፌሮች ተቀበሉ። አንድ ቀን ባዶ ፍላሽ ልገዛ ሻሸመኔ ወርጄ አንድ ጁስ ቤት ስገባ የራሴ ሥራ ቤቱን ሲያናጋው ደረስኩ። ባለቤቱን ጠርቼ ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ጁስ ይደገምልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

በመጨረሻ ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። እዚያ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በግል ግቢ ውስጥ እየተሰበሰቡ እንዲህ ባለ ሙዚቃ የሚጨፍሩ ወጣቶች አሉ፤ ማስታወቂያ የላቸውም፣ አድራሻው በስልክ ነው የሚላከው። ጠሩኝ፣ ሄድኩ። ሰው በሠራሁት ሲጨፍር ፊት ለፊቴ ያየሁት ያኔ ነው። ሲያልቅ እሷም ሙዚቃ የምትሠራ አንዲት ልጅ መጥታ፣ ሌላው ሁሉ ሲሞላ አንተ ለመቀነስ እንዴት ደፈርክ፣ ማን አስተማረህ አለችኝ። አዳማ አስተማሪ አለኝ አልኳት። ይህን ቃል ለእሳቸው ብዬው አላውቅም ነበር። ስመለስ አውቶብስ ውስጥ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ስለማመድ መጣሁ።

በማግስቱ ጋሼ ሱቅ ስገባ አንድ የቸርች ልጅ ማይክና ድምፅ ማጉያ ሊያስፈትሽ መጥቶ አገኘሁት። ልጁ ማብሪያውን ሲነካ ማይኩ ወደ ስፒከሩ ዞሮ ነበርና ያ ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ተለቀቀ። ሁለት እጄን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሻይ ሻጭ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሌላ ሽቦ ይበይዳሉ። ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ልጁ ገመዱን ነቅሎ ጩኸቱ ካቆመ በኋላ ቀና አሉና "ለምን አትከፍተውም?" አሉት።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ስንት ዓመት ከትላልቅ ስፒከሮች ጋር ሲኖሩ ቀጭን ድምፅ ከጆሯቸው ጠፍቷል፤ ሰላምታችንም አብሮ ጠፍቷል። እዚያ ሱቅ ሰው ሁሉ እየጮኸ ስለሚያወራ ማንም አላወቀባቸውም። ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ ተናደድኩ። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የተደነቀው አሠራሬ ለካ የጆሮ ሕመም ነው። ባዶ ነው ያሉኝ ስላልሰሙ ነው። ታዲያ ያስኬዳል ማለታቸው ምን ዋጋ አለው? የተለማመድኩትን ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ቀትር ቀትሩን ተቀምጬ ጭብጨባውን፣ ጽናጽሉን፣ ፉጨቱን ሁሉ ወደየቦታው መለስኩ። ስፒከር መፈተኛ ሲፈልጉ የዘፋኝ ዘፈን እሰጣቸው ጀመር። አዲሶቹን ሥራዎቼን ሾፌሮቹ ጫኑ እንጂ ድገምልኝ ብሎ የመጣ አልነበረም። እልኸኛ ስለሆንኩ እሱንም በእሳቸው አሳበብኩ።

አሁን ሁለቱም ሱቆች ለመንገድ ማስፊያ ፈርሰዋል። እኔ ቤቴ ነው የምሠራው፤ የተሻለ ኮምፒውተር አለኝ፣ ክፍሉም ቀዝቃዛ ነው። ያችን የሙቀት ሰዓት፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሰው ፍርድ እየጠበቅሁ ላቤን የምጠርግበትን ቀትር ግን በጣም እናፍቃለሁ። ቢመለስልኝ እነዚያን ሁለት ሳምንታት አላባክናቸውም ነበር።

ያኔ ታዲያ በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ራሳቸው መጡ። እኛ ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። የደንበኛ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ።

"አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ?" አሉኝ።

ምንም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጮኽኩ። ከንፈሬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አልሰማም፣ አውቃለሁ። የልጆቼ ጨዋታ ከጠፋኝ ቆየ። አዛኑንም የማውቀው ሰው ሲነሣ አይቼ ነው። በእጄ የሚሰማኝ፣ የቀረኝ ያንተ ሙዚቃ ብቻ ነበር።"

ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩና ይቅርታ አልኳቸው። አልሰሙኝም። ዞሬ፣ ፊት ለፊታቸው ሆኜ፣ ቀስ ብዬ ደገምኩት።