«የቤተሰብ አባል» የሚለው ትርጉም

ባለፈው ሰሞን ከስታቲስቲክስ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ፍኖተ ሰላም ላይ ሥልጠና ሰጡን። ከእንግዲህ በመጠይቆቻችን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቃል ትርጉሙ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተለወጠና የት ላይ እንደሚያስቸግር በአንድ ቋት ይመዘገባል ተባልን። ሜታዳታ ይሉታል፤ ስለ መረጃው የሚናገር መረጃ ማለት ነው። ለእኔ የደረሰኝ ቃል «የቤተሰብ አባል» የሚለው ነበር። «የሚያስቸግርበት ሁኔታ» ከሚለው ቦታ ስደርስ አንዲት እናት ትዝ አሉኝና መጻፍ አቃተኝ።

ቤት ለቤት እየዞሩ መረጃ የመሰብሰቡን ሥራ ስጀምር ትርጉሞቹ የሚገኙት ዝናብ በመታው፣ ገጹ በጎደለ መመሪያ ውስጥ ነበር። ያልገባንን ተቆጣጣሪዎቻችንን እንጠይቃለን፤ የደምበጫው አንድ ይላል፣ የቡሬው ሌላ። መልሱ ለየምርጫው ከተሰጠው ቁጥር፣ ከኮዱ ጋር አልገጥም ሲለን ጠርዙ ላይ በእርሳስ እንጽፋለን፦ «ሄዷል፣ ግን ይጠበቃል»። አዲስ አበባ ሲደርስ ኮድ የሌለው ጽሑፍ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለማይገባ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እዚህ በእግራችን ተንከራተን የሰማነውን እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይዘለዋል እያልሁ ስናደድ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ታብሌቱ መጣ። ትርጉሙ ከጥያቄው ሥር ተቀምጧል፤ አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይጠይቃል። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ባለፈው ጉብኝት የተመዘገቡትንም ሰዎች ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ከመካከላቸው አንዱ ከሌለ ምክንያቱን ሳይሞሉ ማለፍ የለም።

ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ወደ አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ቤት እየሄድሁ ነበር። መንገድ የሚመሩኝ ሽማግሌ ከደጁ ሳንደርስ ቆም አሉ።

«ልጃቸው ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዶ በወባ ሞቷል» አሉኝ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ሁሉ ሰምቷል፣ እሳቸው ብቻ ቀሩ። እህላቸው ይግባላቸውና እናረዳቸዋለን ብለን ነው። አደራሽን ልጄ፣ ከአንቺ አፍ እንዳይሰሙ።»

በእኛ አገር ወግ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። እኔ የያዝሁት ደግሞ ልጁን በስሙ ጠርቶ «የት ሄደ?» የሚል ዕቃ ነው።

እናትየው ደጃቸው ላይ አጎዛ አነጠፉልኝ። ስለ ማሳው፣ ስለ ከብቱ ጠይቄ በመጨረሻ ልጁ ላይ ደረስሁ። ከምርጫዎቹ የመጀመሪያው «ሞቷል» የሚል ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ «ልጅዎስ?» አልኋቸው።

«ለሥራ ወርዷል። በፋሲካ ማግስት ነው የሄደ። ዘንድሮስ ቆየብኝ።»

«ለሥራ ሄዷል» የሚለውን ነካሁ። ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። እኔም የተገላገልሁ መስሎኝ ነበር። ታብሌቱ ግን መቼ እንደሄደ ጠየቀ፤ ከግማሽ ዓመት ማለፉን ሲያይ «የቤተሰብ አባል አይደለም» ብሎ ከዝርዝሩ አወጣው። ሲያልቅ ዝርዝሩን ለቤቱ ባለቤት ማንበብ ግዴታ ነው። እሳቸውንና ሴት ልጃቸውን አነበብሁ።

«ወንዱ ልጄስ?» አሉ።

«ብዙ ስለቆየ ነው እናቴ። እዚህ የሚጻፈው አሁን ከቤት ያለ ሰው ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ከቤቱ ወጣ አለሽ? መኝታው እንደተነጠፈ ነው። ማሳውንም ለማንም አልሰጠሁ። ምነው ልጄ፣ ሰው በቁሙ ከቤቱ ይወጣል?»

ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው በሬዎቹን ማየት ጀመሩ። ቃሉም፣ ቃሉን የጻፈውም፣ ምስጢሩን ያሸከሙኝ ሽማግሌም፣ ሁሉም አናደዱኝ፤ ከንዴቱ ግን ሐዘኑ በለጠና ታብሌቱ ላይ አቀረቀርሁ። ይህን ሲያዩ እናትየው አዘኑልኝ። እጄን ያዝ አደረጉ።

«ትእዛዝ ነው መቼም፣ አንቺ ምን ታደርጊ። ሲመጣስ መልሰሽ ታስገቢዋለሽ?»

«አስገባዋለሁ እናቴ።»

«በማርያም በይኝ።»

ሽማግሌው አሁንም አልዞሩም።

«በማርያም» አልኋቸው።