ኮምፒውተሬን በውሃ ላቀዘቅዝ ስል

ዛሬ ጠዋት የኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል በዓይኔ አየሁ። ደግነቱ ኮምፒውተሩ ገና አልተከፈተም ነበር።

የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት እየጋለ ስላስቸገረኝ፣ በውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርጌ እንደገና ገጣጠምኩት። (በአሰላ ብርድ ኮምፒውተር ማቀዝቀዝ ምን ይሉታል ያላችሁኝ ሁሉ፣ ሰምቻችኋለሁ።)

ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ከአሮጌ መኪና የወጣ ነው። የበየዱልኝ ጎረቤቴ ጋሽ ከድር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ራዲያተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። ዛሬ ሥራቸውን ሊያዩ መጡ።

ኮምፒውተሩን ልከፍት ስል እጄን ያዙኝ። «ኦብሲ፣ ታገስ። መጀመሪያ ውሃው ብቻውን ይዙር።»

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎ የሚያውቁት መኪና ነው፤ ይሄ ኮምፒውተር ነው» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ኮምፒውተር አላውቅም። ውሃ ግን አውቃለሁ» አሉ።

እሺ ብዬ ውሃውን የሚያዞረውን ፓምፕ ብቻ አስነሳሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከአንዱ ቱቦ መጋጠሚያ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። አጥብቄ አላሰርኩትም ነበር።

ካርዱን እያደረቅን «ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

የአንዲት የኢተያ ሙሽራ ቪዲዮ እንዳለ ነገርኳቸው። አባቷ ሲመርቋት የቀረጽኩት ነው፤ ከሠርጉ በኋላ አርፈዋል። ሌላ ቅጂ የለኝም።

ጋሽ ከድር «ይህን አደራ ይዘህ ነው የምትቸኩለው?» አሉኝ።

ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ ቪዲዮውን ወደ ወንድሜ ላፕቶፕ ገለበጥኩ። ቱቦውን ያሰርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተንስ «ታገስ» ብሎ ከጥፋት ያተረፋችሁ ማን ነው? ጻፉልኝ፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ታሪክ ማንበብ አምሮኛል።