የማይታየው ውሃ

ክልሉ ገና በመደራጀት ላይ ሳለ ነበር ከባለቤቴ ጋር አሶሳ የተመደብነው። መሥሪያ ቤታችን ታፔላ እንኳን አልነበረውም። ዓመት ሳይሞላን ልጃችን በታይፎይድ ሞተችብን። ሐኪሙ ከውሃው ነው አለን። ከእሷ የቀሩን፣ አክስቷ ከአዲስ አበባ ውሃ በሞላ ፌስታል ያመጣችላት አምስት ቀያይ ዓሣዎች ነበሩ።

ባለቤቴ እነሱንም ውሃው እንዳይወስድበት ፈራ። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ፣ ሰውዬው ለራሱ ዓሣዎች ይጠቀምበት የነበረውን ማጣሪያ ከነመስታወት ገንዳው ለምኖ ወሰደ። ፓምፑ የጉድጓዱን ውሃ በስስ ሽፋን ውስጥ በኃይል ገፍቶ ያሳልፈዋል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው ሳይቀር ያስቀራል። ፈረንጁ፣ ዓሣ ያለ ምንም ጨው አይኖርም ብሎ፣ በተጣራው ውሃ ላይ ተመልሶ የሚጨመር ጨው በብልቃጥ ሰጥቶት ነበር። ባለቤቴ ግን ብልቃጡን ሽንት ቤት ወረወረው። "ካጸዳሁት በኋላ መልሼ ላቆሽሸው?" አለኝ። ድሮም ግትር ነው፤ ሐዘኑ ደግሞ አባሰበት።

ማታ ማታ መብራት ሲመጣ ማጣሪያው ይነሣል። ድምፁን ጠላሁት። ሕፃን ልጅ ውሃ ስትጠጣ ጉሮሮዋ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ባለቤቴ አጠገቡ ወንበር ስቦ ያዳምጠዋል። "ትሰሚያለሽ?" ይለኛል። ተነሥቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ውሃው እየጠራ ሄዶ ጭራሽ የማይታይ ሆነ። ዓሣዎቹ አየር ላይ የቆሙ መሰሉ። መዋኘት ትተው፣ አምስቱም ፊታቸውን ወደ ልጃችን ባዶ አልጋ አዙረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አልጋውን ወደ ሌላው ጥግ ገፋሁት። ጠዋት ስነሣ እነሱም ወደዚያ ዞረዋል።

ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" የምትለው የቤርታ ተወላጅ ጎረቤታችን ልትጠይቀን መጥታ በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች።

"ሱብሃን አላህ! ዓሣ አለ፣ ውሃ የት ሄደ? አንተ፣ እዚህ ቤት ብቻህን አትቀመጥ" አለችኝና ሳትገባ ተመለሰች። ሳቅሁባት። ከሄደች በኋላ ግን እኔም ደጅ ስንጎራደድ ዋልኩ።

ከዚያ ዓሣዎቹ መሞት ጀመሩ። አንዷ ብቻ ስትቀር ባለቤቴ እህል መቅመስ ተወ። "ይቺ ከሞተች እኔም አልኖርም" አለኝ። የሚቀልድ ሰው አይደለም። ጆግ ይዤ ውሃ ወደምናጠራቅምበት በርሜል ሄድኩና ልጄ ትጠጣው የነበረውን ያንኑ የጉድጓድ ውሃ ቀዳሁ።

"እንዳታደርጊው!" ብሎ እጄን ያዘኝ።

"ልቀቀኝ! አንተንም ልቅበርህ?"

ለቀቀኝ። ጥቂት በጥቂት ገንዳው ውስጥ ጨመርኩት። ውሃው ደፈረሰና መታየት ጀመረ።

በማግስቱ ዓሣዋ ለአልጋው ጀርባዋን ሰጥታ ትዋኝ ነበር። የጣልኩላትን ፍርፋሪ ለቀም አደረገች። ባለቤቴ ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ራበኝም አለ። እሱ በመትረፉ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ዓሣዋ ግን ያንን ውሃ እየዋጠች ስትቦርቅ ሳያት አንጀቴ አረረ። ልጄ በሞተችበት ውሃ እሷ መዳኗን ዛሬም ይቅር አላልኳትም።