የሙሽሮቹ ባነርና የካሊድ ሽንኩርት

ምኞት ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት አፍራ አንድ ፌርማታ አልፋ የምትወርድ ልጅ ናት። የምትሠራው ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ በወይዘሮ አሰፋች ማተሚያ ቤት ነው። ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ግን ዓይን አፋርነቷ ይለቃታል፤ እንዲያውም ትንሽ ይበዛባታል።

ደንበኞች ፋይሎቻቸውን ዚፕ አድርገው፣ በአንድ ጥቅል አሽገው ይልካሉ። እሷም ጥቅሉን ፈትቶ በየደንበኛው ፎልደር የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጻፈች። እውነቱን ለመናገር የጻፈችው ጥቂት መስመር ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከፕሮግራም ቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው ዝግጁ ኮድ ነው። ወይዘሮ አሰፋች ግን ለገባ ለወጣው «የኛ ልጅ የፈለሰፈችው!» ይላሉ። ምኞት አላስተባበለችም። የኮዱ መመሪያ ላይ በቀይ ሳጥን «ከማታምኑት ሰው የመጣ ጥቅል አትፍቱ» ተብሎ ተጽፏል። አየችው። «እኔ የማላምነው ሰው የለም» ብላ አለፈችው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ዘገዬ መጡ። የልጃቸው የኤዶም ሠርግ በማግስቱ ነው። አዳራሹ በር ላይ የሚሰቀለው ባነር «የመጨረሻ» በሚል ስም «ለህትመት» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፤ ማሽኑ እዚያ ያገኘውን ሳይጠይቅ ያትማል። ሸራው አልቆ የቀረው ለአንድ ባነር ብቻ የሚበቃ ነው። አዲሱ የሚመጣው ሰኞ ነው።

ልክ ያኔ ካሊድ አንድ ጥቅል ላከ። ካሊድ ድሮ አብሯት ይሠራ የነበረ፣ አሁን አትክልት ተራ አጠገብ የራሱን ዲዛይን ቤት የከፈተ ልጅ ነው። የፎልደሮቹን አደራደር ከነስማቸው የወሰደው ከእሷ ነው። ፕሮግራሟ ጥቅሉን ፈታ። ምኞትም ማሽኑን አስነሳች። ሸራው ተንከባለለ፤ በሙሽራዋ ፋንታ ብቅ ያለው የሰው ራስ የሚያህል ቀይ ሽንኩርት ነው። «ትኩስ ሽንኩርት በጅምላ!» ይላል።

አቶ ዘገዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ልጄ፣» አሉ በቀስታ፣ «ሙሽራው የታለ?»

ምኞት ካሊድ ጋ ደወለች።

«ምንድን ነው የላክህልኝ?»

«የሽንኩርት ማስታወቂያ ነዋ። ለሰኞ ብዬሽ የለ?»

ጥቅሉን ከፍታ አየችው። ካሊድ ሲያሽገው ሳያስበው የፋይሉን አድራሻ ጭምር አሽጎታል፦ ከዚህ ፎልደር ውጣ፣ «ለህትመት» ውስጥ ግባ። ዝግጁው ኮድም ወዴት ነው ሳይል ታዘዘ። የሰፈሩ ዲዛይነር ሁሉ ያለቀ ሥራውን የሚሰይመው «የመጨረሻ» ብሎ ነው፤ ስለዚህ የካሊድ «የመጨረሻ» የሙሽሮቹን «የመጨረሻ» ደመሰሰው።

«አንቺ ፋራ!» ሳቀ ካሊድ። «ፕሮግራምሽ ያዘዙትን ሁሉ እሺ ይላል እንዴ?»

«በእኔ ወጥቶ ነው» አለች ምኞት።

«እሺ ፈልሳፊዋ፣» አሉ ወይዘሮ አሰፋች ወገባቸውን ይዘው፣ «አሁንስ?»

«ጀርባው...» አለች ምኞት። ማንም አልሰማትም። አቶ ዘገዬ ስልካቸውን አውጥተው ለባለቤታቸው ምን እንደሚሉ ያስባሉ።

«ጀርባው ነጭ ነው!» ታክሲ ውስጥ ወጥቶላት በማያውቅ ድምፅ ጮኸች። ሁሉም ዞሩ።

የሙሽሮቹ ባነር መጀመሪያ በመጣበት ጥቅል ውስጥ ነበርና ከዚያ አወጣችው፤ በዚህ ጊዜ ግን በገዛ ዓይኗ እያየች፣ በገዛ እጇ። ሸራውን ገለበጡት። ኤዶምና ሙሽራው የሽንኩርቱ ጀርባ ላይ ሳቅ ብለው ወጡ።

እሑድ፣ ወደ አዳራሹ ሲገባ ሙሽሮቹን ያየ እንግዳ ሁሉ ሲወጣ ሽንኩርቱ ሸኘው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ባነሩን ከጀርባ መታችውና ሽንኩርቱ ሙሽራው ጉንጭ ላይ አበጠ። ኤዶም ቬሎዋን ሰብስባ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አቶ ዘገዬ በሩ አጠገብ የተደበቀችውን ምኞትን ክንዷን ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው ጎተቷት።

«ይህችውላችሁ፣» አሉ፣ «የፈለሰፈችው!»

ምኞት አንገቷን ደፋች። አሁንም አላስተባበለችም።