ባዶ ግድግዳ ላይ የታየው ፊልም

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ዳገት ከሚጀምርበት አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ፊልም ማሳየት የጀመርኩት ስለ ፍጥነት ሳስተምር ግማሹ ክፍል ሲያንቀላፋ አይቼ ነው። በአንድ የአማርኛ ፊልም ውስጥ አፍቃሪው እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ፍቅረኛው ልትበር መሆኑን ይሰማል። መኪና የለውም፤ ይሮጣል። ዘፈን ይጀመራል። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰውዬው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሷል። ይህችኑ ቁራጭ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየኋቸውና «ዘፈኑ አራት ደቂቃ ነው። መንገዱን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በሉት። በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ሮጠ?» አልኳቸው።

ክፍሉ ተንጫጫ። ቀድማ እጇን ያወጣችው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግሯ እየወረደች የምትማር ልጅ ነበረች።

«ሁለት መቶ ሃያ አምስት! ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ውሸታም ነው። እኔ እዚህ ለመድረስ አምስት ኪሎ ሜትሯን ቁልቁል እየሮጥኩ እንኳ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል» አለች። ሰሌዳው ላይ ወጥታ የራሷን ፍጥነት አሰላች፤ ሰባት ተኩል። በማግስቱ ሌሎቹም ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን ፍጥነታቸውን ለክተው መጡ። ማንም አላዘዛቸውም።

ወሬው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ገባ። እንግዶች የሚያዩት፣ በካሜራም የሚቀረጽ ሞዴል ክፍለ ጊዜ አዘጋጂ ተባልኩ። በዕለቱ ጠዋት ምክትሉ የተማሪ ስም ዝርዝር ይዘው መጡ።

«ያቺ የእንጦጦዋ ልጅ ትቅር» አሉኝ። «ጫማዋን አይተሽዋል? ጭቃ በጭቃ ነው። ካሜራ አለ እኮ!»

«መልሱን ያገኘችው እሷ ናት።»

«መልሱን ለሌላ እንሰጠዋለና!» ብለው ሳቁ።

ለመናገር ያስጠላኛል፤ እሺ አልኳቸው። ይባስ ብዬ ልጅቷን በር ላይ ጠብቄ «ዛሬ ወንበር አይበቃም፤ ላይብረሪ ሆነሽ አንብቢ» አልኳት። «እሺ ቲቸር» ብላ ሄደች።

225 የሚለው ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ዩኒፎርሟ ገና ከካውያ የወጣ ለሚመስል አንዲት ተማሪ ተሰጠ። እንግዶቹ ተቀመጡ። ፕሮጀክተሩን ከማብራቴ መብራት ጠፋ። ጠበቅን፤ አልመጣም። መጋረጃው ተከፈተ። ካሜራ የያዘው ሰው ሰዓቱን አየ። ይሄኔ ምክትሉ አጨበጨቡ።

«ልጆች፣ ፊልሙን እንደምታዩ ሆናችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። እጄን ሳነሣ ትስቃላችሁ!»

አርባ ተማሪ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ላይ አፈጠጠ። ምክትሉ እጃቸውን አነሡ፤ ተሳቀ። «ትንሽ ጨመር!» አሉ፤ ተጨመረ። እንግዶቹም አብረው ሳቁ። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ጥያቄውን ጠየቅሁ። ባለ ወረቀቷ ተነሥታ መልሱን አነበነበች፤ ተጨበጨበላት። ከእንግዶቹ አንዷ «እንዴት አገኘሽው የኔ ቆንጆ?» ስትላት ልጅቷ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። ቶሎ ብዬ «ርቀቱን ለጊዜው አካፍላ ነው» አልኩላት።

ወር ሳይሞላ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሥልጠና ተጠራን። ለምሳሌ ተብሎ የቀረበው የእኛ ቪዲዮ ነበር። ያ የታዘዘ ሳቅ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት አስተማሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ፊልሙ የቱ ነው? ልጆቹን እንዴት አሳቃቸው! እኔም ላሳያቸው» አለችኝ።

«ረሳሁት» አልኳት።

እስከዚያ ድረስ የምጸየፈው ምክትሉን ነበር። ያን ቃል ካወጣሁ በኋላ ግን የራሴ ድምፅ ቀፈፈኝ። ለሻይ ሲወጣ ቦርሳዬን አንሥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

በማግስቱ ትምህርት ሳልጀምር ልጅቷን በተማሪው ሁሉ ፊት «ያን ቀን ወንበር አይበቃም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ያስቀረንሽ በጫማሽ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

ተነሥታ ቆመች። «አውቃለሁ ቲቸር። መጋረጃው ተከፍቶ ስለነበር በመስኮት አይቻለሁ፤ ከኋላ ሁለት ወንበር ባዶ ነበር። ግን ግድግዳው ላይ ምንም ሳይኖር ለምን እንደሚስቁ አልገባኝም።»

ባለ ወረቀቷ ልጅ አቀርቅራ ጠረጴዛዋን በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። እሷንም ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኝ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ምክትሉን ዳግመኛ ክፍሌ ውስጥ ካሜራ እንደማይገባ ነገርኳቸው። «አንቺ ክብር አይስማማሽም» ብለው ሞዴልነቱን ለታሪክ አስተማሪው ሰጡት። ፊልም ማሳየቱን አልተውኩም። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲያ እጇን አታወጣም፤ የቤት ሥራዋን በትክክል ሠርታ ታመጣለች፣ ደብተሯን ታስረክባለች፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሁለተኛው መንፈቅ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እኩልታ ስፈታ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ቲቸር፣ ተሳስተዋል። እዚያ ጋ ምልክቱ ኔጋቲቭ ነው።»

እጇን አላወጣችም፤ ከመቀመጫዋም አልተነሣችም። አጥፍቼ አስተካከልኩት።