ስለቱ እስኪወጣ

ፀጉር አስተካካይ ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ሴትዮዋ በፀጉር ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጣ እጀታው የሚታጠፈውን የሟቹን ምላጭ መሳል ትለማመዳለች። ሰፊውን ሽርጡን ወገቧ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ አስራዋለች፤ አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። መጀመሪያ ላይ እንደ ሽንኩርት ቢላ ድንጋዩ ላይ ትጫነው ነበር። ስለቱ ይብስ ሲዶለዱምባት ጊዜ እጇን ማቅለል እንዳለባት ገባት። አሁን አጋድማ፣ ጀርባውን ከድንጋዩ ሳታነሳ፣ በቀስታ ትገፋዋለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዋርሳዋ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ የትኛው ወንድ ነው ጉሮሮውን ለሴት የሚሰጥ? ይልቅ ቁልፉን ስጪኝና ቤትሽ እረፊ።"

"ወንድምህ ታሞ ሲተኛ ለማን ይሰጥ ነበር?" አለች ቀና ሳትል። "አልጋው ላይ ሆኖ እሱ ይስላል፣ እኔ እላጨዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልደማም።"

እሷ ከራሷ ላይ አንድ ፀጉር ነቅላ ስለቱ ላይ አሳረፈችው። ፀጉሩ ታጠፈ እንጂ አልተቆረጠም። ይሄኔ ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ።

"ዛሬ እምቢ ብሏል" አለች፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ እያፈሰሰች። "አንተ ግን ዞር በልልኝ፤ ብርሃኑን ጋርደኸዋል።"