ሁለት ፌሮ የጎደለው ቤት

ሰፈሩ «ቱንቢ» ይላቸዋል። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳን መጣመም የሚያውቁበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ ግንበኛው ሽማግሌም እንደዚያው ቀጥ ያሉ ናቸው ይባላል። ነርሷ የልጅ ልጃቸው የመጀመሪያ ቤቷን ልትገዛ ስትነሳ፣ ከማንም በፊት ይዛ የሄደችው እሳቸውን ነው።

ቤት ሲታይ ቀለም አይታይም። ሽማግሌው መጀመሪያ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፤ በደንብ የያዘ ልስን ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። ቀጥለው ጉንጫቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው በአንድ ዓይን ርዝመቱን ይቃኛሉ፤ እብጠት ካለ አያመልጣቸውም። ጆሮና ዓይን ብቻ የሚጠይቅ ድንቅ ጥበብ ነው።

«አባቴ፣ ይሄን ግድግዳ ጥይት አይበሳውም» አለ ደላላው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ።

«ሊተኩስበት የመጣ አለ እንዴ? ስለ ዝናቡ ንገረኝ።»

የልጅ ልጃቸው ሳቀች። «አባባን በወሬ አትሸውዳቸውም። እሳቸው የሠሩት ቤት ተሰንጥቆ አያውቅም።»

የወጥ ቤቱ መስኮት ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። የመስኮቱ ደፍ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ አዘንብሏል። ውሃ እንዳያቁር ብሎ ደፍን እንዲህ የሚጥል ግንበኛ በዚያ ዘመን ከእሳቸው ሌላ አልነበረም፤ ጓደኞቻቸው ይስቁባቸው ነበር። ዙሪያው በፎቅ ተውጦ ነው እንጂ ገና ከበሩ ባወቁት ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ራሳቸውን ችለው የተረከቡት የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ወደ ሳሎን ተመለሱ። ከሰፊው መስኮት በላይ፣ በአዲሱ ቀለም ሥር፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። እዚያ ግድግዳውን የሚሸከመው የአርማታ ቢም ነው። አርማታ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎብጥ ግን ከሥሩ ይሰነጠቃል፤ ፌሮ ብረት የሚገባበት ለዚህ ነው። ለዚያ ስፋት አራት ያስፈልጋል። ያኔ ፌሮው አለቀ፣ ክረምቱ ደረሰ፣ ባለቤቱም ወጥረው ያዟቸው። ሁለት አስገብተው አርማታውን ሞሉበት። ማንም አላየም። እንዳለ ከተተወ ገና ብዙ ይቆማል።

«እኔ ወድጄዋለሁ፣ አባባ» አለች ልጅቱ ወደ ላይ እያየች። «አንድ ፎቅ እንጨምርበታለን። ልጆቹ ላይ ይተኛሉ፤ እርስዎ እዚህ፣ ከታች።»

«የኔ እናት፣ ይሄን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ደላላው አጨበጨበ። «ታዲያ ምን ቀረ? ሌላ መርማሪም አያስፈልግም።»

«አንተ ዝም በል» አሉት ቀስ ብለው። «እዚህ ቢም ውስጥ አራት ፌሮ ነበር የሚገባው። ሁለት ነው የከተትኩበት። እያወቅሁ። ፎቅ አይችልም።»

ልጅቱ ስንጥቁን አየች፤ ከዚያ እሳቸውን።

«እንዲህ ያደረጉት ስንት ቤት አለ?»

«ይሄ ብቻ ነው።»

«በምን ልመን?»

እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ወደ ደላላው ዞሩ።

«ያሠሩኝ ባለቤቶች የታሉ?»

«ሰውዬው ሞተዋል። ሚስታቸው ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ናቸው። ግን አባቴ፣ መንገሩ ምን ይጠቅማል? እናንተ ብትተዉት ሌላ ገዥ ይመጣል።»

«እሱም ፎቅ ያምረው ይሆናላ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ጓሮ ሄዱና በሩን አንኳኩ። ከውስጥ የሚጎተት ጫማ ሲሰማ ልጅቱ መጥታ ከጎናቸው ቆመች። ክንዳቸውን ግን አልያዘችም።